የሮማ ከተሞችና የአንድ ሊቅ ሥራ



ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ንግግር ስለ አንድ እንግሊዛዊ የአርኬኦሎጂ ሊቅ፥ ስለ ፍራንሲስ ሃቨርፊልድ ሥራ ነው። የዚህ ሰው ስም በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። ነገር ግን በዕድሜው ሙሉ የተከታተለው ጥያቄ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ኃያል መንግሥት የሌላውን ሕዝብ አገር በጦር ከያዘ በኋላ ጎዳና ቢያወጣ፥ አደባባይ ቢያነጥፍ፥ የፍርድ አዳራሽና መታጠቢያ ቤት ቢሠራ፥ የተያዘው ሕዝብ በእውነት ይለወጣልን? ወይስ የገዥውን ልብስ ለብሶ በልቡ እንደ ቀድሞው ይኖራል? ከተማውስ የተሠራው ለማን ጥቅም ነው? በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሃቨርፊልድ በ1860 በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኝ ሺፕስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዊንቼስተር፥ ከዚያም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኒው ኮሌጅ በሚባለው ተምሮ፥ ከ1884 እስከ 1892 በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው በላንሲንግ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሠራ። ተማሪዎች ለዕረፍት በሚበተኑበት ወራት እሱ ባሕር ተሻግሮ በየአገሩ ቤተ መዘክር የተከማቹትን የሮማ ዘመን የድንጋይ ጽሕፈቶች ይመረምር ነበር። በዚህም ትጋቱ ከታላቁ የጀርመን የታሪክ ሊቅ ከቴዎዶር ሞምዘን ጋር ተዋወቀ። ሞምዘን በሮማ ግዛት ሁሉ የተገኙትን የላቲን ጽሕፈቶች በአንድነት የማሳተሙን ታላቅ ሥራ የሚመራ ሰው ነበረ፤ በብሪታንያ ምድር በየጊዜው የሚገኘውን አዲስ ጽሕፈት እያነበበ ተጨማሪውን ክፍል እንዲያዘጋጅም ለወጣቱ መምህር አደራ ሰጠው።

የድንጋይ ጽሕፈት ማለት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ለመዝገብ ሰዎች ማስረዳት አይቸግርም። ሮማውያን ምሽግ ሲሠሩ፥ ድልድይ ሲጠግኑ፥ ሹም ሲሾሙ፥ ሰው ሲቀብሩ በድንጋይ ላይ ይጽፉ ነበር። በየትኛው ንጉሠ ነገሥት ዘመን፥ በየትኛው አገር ገዥ ትእዛዝ፥ በየትኛው የጦር ክፍል እጅ እንደ ተሠራ ከድንጋዩ ላይ ይገኛል። ወረቀቱ ሁሉ በስብሶ በጠፋበት አገር የቀረው መዝገብ ቤት ይኸው ድንጋይ ብቻ ነው። ሃቨርፊልድ ያንን የተበታተነ መዝገብ ፈልጎ፥ አንብቦ፥ በየተራው ያኖረ ሰው ነው።

በ1892 ወደ ኦክስፎርድ ተመልሶ በክራይስት ቸርች ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1907ም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆነ። የወንበር ሰው ብቻ አልነበረም። በሰሜን እንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት ሃድርያን ባሠራው ረጅም ቅጥር አጠገብ ለብዙ ዓመታት በበጋ ቁፋሮ ይመራ ነበር። ከ1906 እስከ 1914 ድረስ ደግሞ በኮርብሪጅ በተደረገው ቁፋሮ ዋና አማካሪ ሆኖ የኦክስፎርድ ተማሪዎችን ለልምምድ ወሰደ። ኋላ በኢራቅ የዑርን ከተማ ቈፍሮ ዓለም ያወቀው ሌናርድ ዉሊ የመጀመሪያ ቁፋሮውን የሠራው በዚሁ በኮርብሪጅ ነው። በ1911 በአንድ የነሐስ ማሰሮ ውስጥ 160 የሮማ የወርቅ ገንዘብ ተቀብሮ የተገኘውም በዚያው ሥፍራ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሮማውያን በንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ዘመን፥ በ43 ዓመተ ምሕረት፥ ብሪታንያን ወርረው እስከ 410 ገደማ ድረስ ገዝተዋታል። ከሃቨርፊልድ በፊት የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የ360 ዓመት አገዛዝ እንደ ጦር ሰፈር ብቻ ይቈጥሩት ነበር። በእነሱ አሳብ ወታደሩ በምሽጉ ተቀመጠ፥ ባላገሩም በጎጆው ኖረ፤ ወታደሩ ሲወጣ አገሩ እንደ ነበረ ቀረ። ሃቨርፊልድ ግን በ1905 ለብሪታንያ የሊቃውንት ማኅበር ባሰማው ንግግር ይህን አሳብ ተቃወመ። በሰሜንና በምዕራብ ያለው ተራራማ አገር በእርግጥ የጦር ቀበሌ ነበረ፤ የደቡቡና የምሥራቁ ደልዳላ አገር ግን የሰላም ቀበሌ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ በቋንቋውም በቤቱም በዕቃውም ሮማዊ ሆኗል ሲል አስተማረ። ይህ ንግግር በመጽሐፍ ታትሞ፥ እየታረመ ደጋግሞ ወጣ፤ ለብዙ ዘመንም የብሪታንያ ሊቃውንት ሁሉ መነሻ ሆነ።

ማስረጃው ምን ነበረ? አንደኛው ሲልቼስተር ነው። ይህ ሥፍራ በሮማ ዘመን ካሌቫ የሚባል ከተማ የነበረበት ነው። ኋላ ሰው ስለ ተወው አዲስ ከተማ አልተሠራበትም፤ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ወደ 40 ሄክታር የሚሆን መሬት እርሻ ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝ የጥንታዊ ቅርስ ማኅበር ከ1890 እስከ 1909 ድረስ በቅጥሩ ውስጥ ያለውን መሬት ሁሉ በየዓመቱ ከፋፍሎ ቈፈረው። በመካከል አደባባይና ገበያ፥ ከጎኑ የፍርድና የሸንጎ አዳራሽ፥ መታጠቢያ ቤት፥ ቤተ ጣዖታት፥ የእንግዳ ማረፊያ ተገኘ። መንገዶቹም እንደ ሰንጠረዥ ገበታ ቀጥ ብለው ይተላለፉ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሃቨርፊልድን ልብ የነካው ግን ትንሽ ነገር ነው። ሸክላ ሠሪዎች ጭቃው ሳይደርቅ በጣት ወይም በእንጨት ጫፍ የጻፉበት ቁራጭ ሸክላ ተገኘ። ክሌሜንቲኖስ የሚባል ሠራተኛ ሸክላውን የሠራው እሱ መሆኑን ጽፎበታል፤ ሌላውም በቃ የሚል ቃል ጽፎ ትቶታል። የተጻፈውም በላቲን ቋንቋ ነበር። ሃቨርፊልድም፥ ሹሙ ብቻ ሳይሆን ጭቃ የሚያቦካው ሠራተኛ በላቲን ከጻፈ፥ ቋንቋው ወደ ታችኛው ሕዝብ ወርዷል ማለት ነው ብሎ ፈረደ።

ሁለተኛው ማስረጃ ለመንግሥት ሠራተኛ ይበልጥ የሚጥም ነው። በደቡብ ዌልስ በካየርዌንት በ1903 አንድ የሐውልት መቀመጫ ድንጋይ ተገኘ። ድንጋዩ እንደሚለው፥ የሲሉሬስ ነገድ ማኅበር በሸንጎው ውሳኔ ቀላውዴዎስ ጳውሊኖስ ለተባለ ለአንድ የሮማ ጦር አዛዥ ሐውልት አቁሞለታል። ሲሉሬስ ማለት ሮማውያን በመጡ ጊዜ ለብዙ ዓመታት በተራራና በጫካ ሸምቀው የተዋጉ ሕዝብ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን የልጅ ልጆቻቸው በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው፥ በሮማ ሥርዓት ውሳኔ አሳልፈው፥ በሮማ ቋንቋ ለሮማ ሹም ክብር ይሰጡ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብላችሁ ብትጠይቁ፥ መልሱ በአስተዳደሩ አሠራር ውስጥ ነው። ሮማ ያን ሁሉ አገር የምትገዛው በጥቂት ሹማምንት ነበር። አገር ገዥውና የግምጃ ቤቱ ሹም ከሮማ ይሾማሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ሥራ ግን በየነገዱ ከተማ ለተቋቋመው ሸንጎ ይተዋል። በሸንጎው የሚቀመጡት የዚያው አገር ባለ ርስቶችና ባላባቶች ናቸው። እነሱ ግብር ይሰበስባሉ፥ መንገድ ያስጠርጋሉ፥ ትንንሹን ክርክር ይዳኛሉ፤ በምላሹም ክብርና የሮማ ዜግነት ያገኛሉ። በኋለኛው ዘመንም ግብሩ በጎደለ ጊዜ ጉድለቱን ከራሳቸው ገንዘብ እንዲሞሉ ይገደዱ ነበር። እንግዲህ ከተማው የግዛት መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ሃቨርፊልድ ይህን በሚገባ ተረድቶ በ1913 ስለ ጥንታውያን ከተሞች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉም መሠረት በ1910 በለንደን የሰጠው ንግግር ነበር፤ ከፊሉንም በዚያው ዓመት ስለ ከተማ ፕላን በተደረገው ጉባኤ ላይ አቅርቦታል። በዚያ መጽሐፍ ቀጥ ያለ መሥመርና አራት ማዕዘን የሠለጠነውን ሰው ካልሠለጠነው የሚለዩ ቀላል ምልክቶች ናቸው የሚል አሳብ አለ። ይህን አሳብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ሰውየው የኖረበትን ዘመን እንመልከት። ያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት በአምስቱም አህጉራት ሕዝቦችን የሚገዛ ነበር። በ1910 የሮማን ታሪክ የሚያጠና ማኅበር ሲቋቋም ሃቨርፊልድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1911 ባደረገውም ንግግር የሮማ አገዛዝ ታሪክ በዘመኑ ያለውን የግዛት ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ጠቃሚ ትምህርት እንደሚሰጥ ገለጠ። ፈረንሳዮችም በአልጄሪያ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ትራያን በ100 ዓመተ ምሕረት ለጡረታ ወታደሮች የመሠረታትን ቲምጋድ የምትባለውን ከተማ ከ1881 ጀምረው ሲቈፍሩ፥ የሮማ ወራሾች ነን የሚለውን አሳባቸውን ያጸኑበት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ሃቨርፊልድ ስለ ብሪታንያ ሮማዊነት በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፥ ሮማ የምዕራብ አውሮፓን ሕዝቦች ልትለውጥ የቻለችው በዘርም በአእምሮም ለሮማውያን ቅርብ ስለ ነበሩ ነው ይላል። ይህ ግን የሠለጠኑ ነጮች በአፍሪቃውያን ላይ ከሚያደርጉት አገዛዝ የተለየ ነው፤ በነዚህና በገዥዎቻቸው መካከል ለዘለዓለም የማይሻገር የሚመስል የአካል ልዩነት አለና፥ የሚል አሳብ ይጨምራል። ክቡራን አድማጮች፥ ይህን የጻፈው ክፉ ሰው ወይም ያልተማረ ሰው አይደለም። በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ሁሉ በማስረጃ አያያዝ እጅግ ጥንቁቅ የነበረ ሰው ነው። ስለ ሸክላ ቁራጭ ሲናገር መቶ ጊዜ የሚያመዛዝነው ሊቅ፥ ስለ ሕያዋን ሕዝቦች ሲናገር ግን በዘመኑ የተለመደውን ቃል ሳይመዝን ተቀበለ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሕይወቱን ሰበረው። ለሥራው ወራሽ ይሆናል ብሎ የሚመካበት ተማሪው ሌናርድ ቺዝማን በ1915 በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ወደቀ። በዚያው ዓመት የሃቨርፊልድ ጤናም ታወከ፤ በ1919ም በ58 ዓመቱ ዐረፈ። መጽሐፎቹንና ሀብቱን ለዩኒቨርሲቲው ትቶ፥ የሮማ ዘመን ብሪታንያ ጥናት እንዲቀጥልበት አደረገ። ጽሕፈቶችን የመሰብሰቡን ሥራ ሌላው ተማሪው ሮቢን ኮሊንግዉድ ተረከበ፤ እሱም በ1943 ሲሞት ሳይፈጸም ቀርቶ፥ የመጀመሪያው ክፍል በ1965 በሦስተኛ ሰው እጅ ታትሞ ወጣ። ይህን ያህል ትውልድ የወሰደ ሥራ ነው።

ከእሱ ሞት በኋላ የሮማ ፍርስራሽ ምን ያህል ለክፉ አገልግሎት ሊውል እንደሚችል ዓለም አየ። ይህን ከኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም። በኢጣልያ ሙሶሊኒ በ1932 በጥንቱ የሮማ አደባባይ መካከል ሰፊ ጎዳና ከፍቶ የግዛት ጎዳና ብሎ ሰየመው። በ1934 በጎዳናው ዳር ባለው ግድግዳ ላይ የጥንቷ ሮማ ግዛት ከትንሽ መንደር ተነሥቶ እንዴት እንደ ሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቀሉ። በ1935 አገራችን ተወረረች፤ በ1936 ደግሞ ኢትዮጵያን የግዛቱ ክፍል አድርጎ የሚያሳይ አምስተኛ ካርታ ተጨመረ። በ1937 የንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ሁለት ሺሕኛ የልደት ዓመት ምክንያት ሆኖ በሮማ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ያዘጋጁትም የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት ነበሩ። በዚያው ዓመት 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በሮማ ቆመ። አምስተኛው ካርታ ከጦርነቱ በኋላ ከግድግዳው ወረደ። ሐውልቱ ግን እስከ 2005 ድረስ አልተመለሰም፤ በአክሱም ተተክሎ የተመረቀውም በ2008 ነው። ሃቨርፊልድ ይህን አላየም፥ በዚህም አይጠየቅም። ነገር ግን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አሁን የዛሬዎቹ ሊቃውንት ስለ ሃቨርፊልድ ትምህርት ምን ይላሉ? ኮሊንግዉድ ገና በ1932፥ የብሪታንያ ሥልጣኔ ሮማዊ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ቅልቅል ነው ብሎ ነበር። በ1976 ማርሴል ቤናቡ በሰሜን አፍሪቃ ሕዝቡ ለሮማዊነት ያሳየውን ተቃውሞ የሚተነትን መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። በ2000 ሪቻርድ ሂንግሊ የእንግሊዝ ሊቃውንት ስለ ሮማ የጻፉት የራሳቸውን ግዛት አሳብ እንዴት እንደ ተከተለ አስረዳ። በ2006ም ዴቪድ ማቲንግሊ፥ ግዛቱ ለወታደሩ፥ ለከተሜውና ለባላገሩ አንድ ዓይነት ነገር እንዳልነበረ ጻፈ። በእርግጥም አብዛኛው ሕዝብ በገጠር ይኖር ነበር፤ ብዙዎቹም እንደኛ አገር ጎጆ ባለ ክብ ቤት ለረጅም ዘመን ኖረዋል።

ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስ ራሱ፥ አማቱ አግሪኮላ ብሪታንያን ሲገዛ የባላባት ልጆችን ላቲን እንዳስተማረ፥ አዳራሽና መታጠቢያ ቤት እንዲሠሩም እንዳበረታታ ከገለጠ በኋላ፥ የተገዙት ሰዎች ሥልጣኔ ያሉት ነገር የባርነታቸው ክፍል ነበር የሚል መራራ አሳብ ጨምሯል። በ60 ወይም በ61 ዓመተ ምሕረት ንግሥት ቡዲካ በተነሣች ጊዜ ኮልቼስተር፥ ለንደንና ቬሩላሚዩም በእሳት ጋይተዋል፤ የቃጠሎውም ቀይ አፈር ዛሬ በቁፋሮ ይገኛል። በኮልቼስተር የጡረታ ወታደሮች የሕዝቡን መሬት ነጥቀው ነበር፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የተሠራውም ቤተ ጣዖት ወጪው በዚያው ሕዝብ ላይ ወድቆ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፥ ከተማውን ያቃጠሉት ሰዎች ማን እንደ ከፈለበት ያውቁ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው መልስ የመጣው ግን ከራሱ ከሲልቼስተር ነው። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ፉልፎርድ መሪነት ከ1997 እስከ 2014 ድረስ ከከተማው አንዱን ቀበሌ በዝግታ እንደገና ቈፈረ። የቀድሞዎቹ ቈፋሪዎች የድንጋይ ግድግዳ እየተከተሉ ስለ ሄዱ፥ የእንጨቱን ቤትና ከታች ያለውን የቀደመ አፈር አልፈውት ነበር። አዲሶቹ ግን ከሮማ ከተማ በታች ሮማውያን ሳይመጡ የአገሩ ሰዎች የሠሩት ሌላ ከተማ እንደ ነበረ፥ የራሱም መንገድ እንደ ነበረው አገኙ። በዚያ አፈር ውስጥ ከሜዲትራንያን አገር የመጣ የወይራ ፍሬ አጥንትና የድምብላል ዘር ተገኘ። የውጭ አገር ዕቃና ምግብ የገባው በጦር ሳይሆን አስቀድሞ በንግድ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ሮማውያን ቀጥ ያለ መንገዳቸውን ካወጡ በኋላ እንኳ፥ በዚያ ቀበሌ አንዳንድ ቤቶች በጥንቱ በአያቶቻቸው አቅጣጫ ለመንገዱ ጎን ሰጥተው ለብዙ ትውልድ ቆመዋል። ቀጥ ያለ መሥመር የሥልጣኔ ምልክት ነው የሚለውን አሳብ ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ሥልጣኔ ሮማውያን ይዘውት የመጡት ነገር ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ በዚያ የራሱ ሥርዓት ነበር።

እንግዲህ የሃቨርፊልድ ሥራ ፈረሰ ማለት ነውን? አይደለም። ክሌሜንቲኖስ በላቲን መጻፉ እውነት ነው። የሲሉሬስ ሸንጎም ሐውልት ማቆሙ እውነት ነው። የተለወጠው ፍርዱ እንጂ ማስረጃው አይደለም። የሸክላ ሠሪው ቋንቋ በሥራ ቤት የተማረው ሊሆን ይችላል፤ በቤቱ ምን ቋንቋ ይናገር እንደ ነበረ ሸክላው አይነግረንም። ሸንጎውም ሐውልቱን ያቆመው ሹሙን ስለ ወደደ ነው ወይስ ስለ ፈራ፥ ወይስ ውለታውን ስለ ፈለገ ድንጋዩ አይለይም። ሆኖም ዛሬ እኛ ይህን ልንጠይቅ የቻልነው፥ ሃቨርፊልድ እያንዳንዱን ድንጋይ የተገኘበትን ሥፍራና ቃሉን ሳያጓድል መዝግቦ ስለ ተወልን ነው። በአሳቡ የማይስማማ ሰው እንኳ የሚከራከረው በእሱ መዝገብ ነው።

ክቡራን አንባብያን፥ ከዚህ ሰው ሥራ ሁለት ነገር ብንወስድ የሚበቃ ይመስለኛል። አንደኛው፥ ያየነውን ነገር ከምናስበው ነገር ለይቶ መጻፍ ነው። አሳባችን የዘመናችን ነውና ያልፋል፤ በትክክል የተጻፈ መዝገብ ግን ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰው እኛን ራሳችንን እንዲያርምበት ይቀራል። ሁለተኛው፥ ያማረ ከተማ ባየን ጊዜ፥ የጥንትም ይሁን የዛሬ፥ ስለ ድንጋዩ ውበት ብቻ ሳይሆን ወጪውን ማን እንደ ከፈለ፥ በሸንጎው ማን እንደ ተቀመጠ፥ ከቅጥሩ ውጭ ማን እንደ ቀረ መጠየቅ ነው። ሃቨርፊልድ ሁለተኛውን ጥያቄ በሚገባ መረመረ፤ አንደኛውንና ሦስተኛውን ለተከታዮቹ ተወ። ጥያቄው በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት፥ ፕላን በሚነሣበትና ግብር በሚተመንበት ጠረጴዛ ላይ ዛሬም አለ።